ጓንትም ጎማ ነው

ቂም መያዝ እችልበታለሁ። ደም መቅዳትም እችልበታለሁ፤ ሌላው ሦስቴ ወግቶ ያጣውን ደም ሥር እኔ በአንድ ጣት ዳብሼ አገኘዋለሁ። በቂም ግን ጭራሽ የሚደርስብኝ የለም። እህቴን የገደላትን ሰው አሥራ አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» ስለው አንድ ቀን እንኳ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

እህቴን ቤት ውስጥ ሚጢጢ ነበር የምንላት። ከአንድ እናት ብንወለድም አባቶቻችን ይለያያሉ፤ ይሄ ነገር ኋላ ጠቅሞኛል። ጀርባዋ ላይ ችግር ይዛ ስለተወለደች አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ሰባት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሐኪም ጓንትና የጎማ ቱቦ ሲነካካት ኖሮ በመጨረሻ ሰውነቷ ጎማ የሚባል ነገር አልቀበልም አለ። ስምንት ዓመቷ ላይ ፊኛ ስትነፋ ከንፈሯ ከፊኛው እኩል ተነፋ፤ ትንፋሿ እስኪመለስ እማዬ ግማሽ ዕድሜዋን ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ሚጢጢ ሐኪም ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት የምትለው «ጎማ አይስማማኝም» ነበር። መጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ በይ እንጂ፣ ባለጌ ይሉሻል እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም ባለጌ ሆኜ ብኖር ይሻለኛል፣ እታለም ትለኛለች።

አድጋ የሒሳብ አስተማሪ ሆነች። አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቷ ፊት ለፊት ባለው ሆስፒታል ለተራ የደም ምርመራ ገባች። እኔ ያን ጊዜ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ባለ ክሊኒክ ነበር የምሠራው። በእግሯ ገብታ በአልጋ ወጣች። ተጠርቼ ስደርስ አልቆየችኝም።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነበር። ደሟን የቀዳው የላብራቶሪው ኃላፊ ራሱ ነው፤ ሌሎቹ ምሳ ሄደው ነበር። «ታካሚዋ አለርጂ እንዳለባት አልተናገረችም» ብሎ ጽፎ ፈርሟል። በዚያ ሆስፒታል አዲስ ካርድ ስለወጣላት ካርዷ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ያለው የእሷ ቃል ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ አትናገርም።

እኔ ግን ክንዷን አይቻለሁ። ከክርኗ በላይ ዙሪያውን ቀይ ሰንበር ነበር። የደም ማሰሪያ ጎማ ቢሆን ኖሮ ሰንበሩ ጠፍጣፋና ወጥ ይሆናል። ይሄኛው የተጠማዘዘ ነው፤ ቋጠሮው ጋ ደግሞ የጓንቱ ጣቶች ያረፉባቸው ትናንሽ ቀይ እብጠቶች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ይህን ስህተት ከእኛ ሙያ ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። ማሰሪያ ስናጣ፣ ወይም ሩቅ ሲሆንብን፣ ከሳጥኑ አንድ የጎማ ጓንት መዘን፣ ወጠር አድርገን ክንድ ላይ እንቋጥራለን። ሁላችንም እንዲህ አድርገናል። እጃችን ስለለመደው ጓንት ማለት ጎማ መሆኑ እንኳ ትዝ አይለንም።

አንድ ነገር ግን ወለል ብሎ ታየኝ። ማሰሪያው ከጠረጴዛው ላይ የማይጠፋ ዕቃ ነው። ታዲያ ለምን ተወው? ስለነገረችው ነዋ! ነግራዋለች፣ ሰምቷታል፣ የጎማ ማሰሪያውን ወደ ጎን አስቀምጧል፤ ከዚያ በጓንት አስሯታል። ይህንን ይዤ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ከመካከላቸው አንዱ መነጽሩን እየጠረገ ሰንበር ሰነድ አይሆንም አለኝ።

የኔ መናደድ ቀላል ነው። ያልቻልኩት የእማዬን ነገር ነው። እማዬ የተጻፈ ነገር ታምናለች፤ ማኅተም ካለበትማ አለቀ። በየጠዋቱ የሚጢጢን ፎቶ እየወለወለች ትወቅሳታለች። ምን ነበረበት አፍሽን ብትከፍቺ፣ ምን አሳፈረሽ፣ በገዛ እጅሽ ነው ልጄ፣ በገዛ እጅሽ። ነግራዋለች እማዬ፣ ብዬ ሰንበሩን ሳስረዳት አንቺ ስለምትወጃት ነው ትለኛለች። እማዬ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ልቧም ደህና አይደለም። ልጄ በአፍረት ሞተች ብላ እንዳመነች ወደ መቃብር ልትወርድ ነው። ያንን ሰው በገዛ አፉ «ነገረችኝ» ሳላሰኘው እንደማልሞት ያን ጊዜ ማልኩ። ቢቻል ደግሞ ከዚያም በላይ አስከፍለዋለሁ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ወር እዚያው ሆስፒታል ተወዳድሬ ደም ቀጂ ሆኜ ገባሁ። የአባቶቻችን ስም ስለሚለያይ የጠረጠረ የለም፤ ኮሚቴው ፊት ስቆም ሰውየው አልነበረም፣ የኮሚቴው ሰዎችም ደም ቀጂን ቀና ብለው የሚያዩ አይደሉም። ሰውየውን ሠራተኛው ከጀርባው «አቶ አውቃለሁ» ነው የሚለው፤ ስለ ዝናብም ስለ ኩላሊትም ብትጠይቁት መልሱ «እኔ ነኝ የማውቀው» ነው። ቁመናው ያማረ፣ ሰላምታው የማይጓደል፣ ታካሚ የሚወደው ሰው ነው። ክፉ ቢሆን በቀለለኝ ነበር። ደግሞ እጁ ወርቅ ነው። ይህን መመስከር ያመኛል፤ ግን ነው።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ክፍሉን መለወጥ ነበር። ክዳን ያለው አንድ ዕቃ መያዣ ለብቻው አዘጋጀሁ፤ ውስጡ የጨርቅ ማሰሪያ፣ ከጎማ ያልተሠራው ሰማያዊ ጓንት፣ ጎማ የሌለበት ፕላስተር አስቀመጥኩ። ጎማ የማይስማማው ሰው ካለ ጠዋት የመጀመሪያው ተራ የሱ ነው፤ የጎማ ጓንት ሲጎተት የሚበተነው ዱቄት አየሩ ላይ ሳይንሳፈፍ፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ገና ተወልውሎ ሳለ። እንዲህ ያለው አለርጂ ትንፋሽ ሲዘጋ ቶሎ የሚወጋው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ ደግሞ ከቀኝ ኪሴ አይለይም። አቶ አውቃለሁ ይህን ሲያይ ስቆ «ወይዘሮ ጎማ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ስሙ በሳምንት ውስጥ ፎቁን ሁሉ አዳረሰ። ጥርሴን ነክሼ አብሬ ሳቅሁ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አሥራ ሦስት ሰዎች በዚያ ዕቃ መያዣ ደማቸውን ሰጥተው በእግራቸው ወጥተዋል። አሥራ ሦስቱም በወጡ ቁጥር ሚጢጢን እያሰብኩ ተናድጃለሁ፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ታካሚ የሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመርም አቶ አውቃለሁን ጠይቄ ነበር። ጎማ ነክ ዕቃ ይስማማዎታል ወይ ተብሎ ይጻፍ፤ መልሱን ታካሚው በራሱ እጅ ጽፎ ይፈርም። ሁለት ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። በሦስተኛው፣ የታካሚዎች ደህንነት ኃላፊ የሚባል ሹመት ሲከፈት፣ ሐሳቡን የራሱ አድርጎ ለአለቆቹ አቀረበና ጸደቀለት። ስብሰባው ላይ ሲያጨበጭቡለት እኔም አጨበጨብኩ። የታካሚዎች ደህንነት፣ እሱ!

በዚሁ መሀል ነው የእጁን አንጓ ያየሁት። ሙቀት በሆነበት ሰሞን ረጅም እጅጌ ይለብሳል። የጓንት ሳጥን ሲከፈት ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ጉንፋኔ አልለቅ አለኝ ይላል። አንድ ቀን እጁን ሲታጠብ እጅጌው ወጣ አለና አንጓው ዙሪያ ያበጠ ቀይ ሽፍታ አየሁ። ሃያ ዓመት ጓንት ውስጥ የኖረ እጅ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፤ በሙያችን አዲስ ነገር አይደለም። ጎማ ጠልቶታል። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ለማንም አልተናገርኩም። እሱም አልተናገረም፤ ቢናገር ሹመቱን የሚወስኑት ሰዎች ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቅህ ይሉታል፣ ከላብራቶሪውም ያርቁታል።

ሹመቱ የሚጸድቀው የጤና ምርመራው ውጤት ሲያያዝ ነው። ቀነ ገደቡ በደረሰበት ዕለት ማለዳ፣ ገና የመጠበቂያው ወንበሮች ባዶ ሳሉ መጣ። ያን ሰዓት ለእነማን እንደማቆየው ያውቃል። እንደምን አደሩ አልኩት። ቅጹን ከእጄ ተቀብሎ ቆሞ ሞላ፤ ጎማውን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ «ችግር የለብኝም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቅጹን ኪሴ ከተትኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የደም መቅጃ ወንበር ከፊት የሚዘጋ ክንድ አለው፣ ሰው ራሱን ቢስት ወደ ፊት እንዳይወድቅ። ዘጋሁት። መቀርቀሪያው በኔ በኩል ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ካስቀመጠ በኋላ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚ፣ በጨርቁ እሰሪልኝ። ጓንቱንም ሰማያዊውን አድርጊ። ጎማ አይስማማኝም።»

«ቅጹ ላይ ችግር የለብኝም ብለዋል።»

«እሱ ለወግ ነው። ይሄ በኔና ባንቺ መካከል ይቅር።»

ዕድሜ ልኬን ብለምን ከዚህ የተሻለ ነገር አይሰጠኝም ነበር። ሄጄ ወደ መዝጋቢዋ ክፍል የምታሳየውን ትንሿን መስኮት ገፋ አድርጌ ከፈትኳት። መዝጋቢዋን «ሬዲዮ» ነው የምንላት፤ ጠዋት የሰማችው ከምሳ በፊት ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። ካርዶች እየደረደረች ነበር። ከዚያ ከሳጥኑ አንድ የጎማ ጓንት መዘዝኩ፤ የራሴ እጅ ላይ ያለው ሰማያዊው ነው። ወጠር ሳደርገው ዱቄቱ ብን አለ። ፊቱን አዞረ።

ምን እየሠራሽ ነው አለኝ። ቅጹ የሚለውን አልኩት።

«አሁን ነገርኩሽ እኮ።»

«ማን ሰማ?»

በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። እስከዚያ ድረስ ያየው እጄን ብቻ ነበር።

«ያቺ በምሳ ሰዓት መጥታ የሞተችው አስተማሪ» አልኩት፣ «የእናቴ ልጅ ናት። ታናሼ ናት።»

ቆሌው ተገፈፈ። የቀኝ እጁን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደ፤ መቀርቀሪያው ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር። በመስኮቷ በኩል የካርዶቹ ድምፅ ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ፣ ዓይኑ ማልቀስ ጀመረ፣ ትንፋሹ ከላይ ከላይ ሆነ፤ ከፍርሃት ይሁን ከዱቄቱ እሱም እኔም አናውቅም። ጓንቱን በሁለት እጄ ወጥሬ ከክንዱ በላይ ያዝኩት። ቆዳውን ለመንካት የአንድ ጣት ስፋት ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ አንቱታውን ተውኩት።

«ይሄ ቢገድልህ የምጽፈውን ታውቀዋለህ። ታካሚው አልተናገረም። የራስህ ፊርማ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ማሰር ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። እጄን እየበላኝ ነበር። አድሬናሊኑ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በድንጋጤ ረሳሁት ብል ማን ይጠይቀኛል ብዬ ሁሉ አስቤያለሁ። ሚጢጢ በመጨረሻው ደቂቃ አየር ስትፈልግ ዓይኗ እንዴት እንደነበር ስንት ሌሊት አስቤ ነጋልኝ፤ አሁን ዓይኑ ከፊቴ ነው፣ አየሁት፣ ደስም አለኝ።

«ነገረችህ?» አልኩት።

ጓንቱን ትንሽ ዝቅ አደረግሁት።

«ነገረችኝ።» በሹክሹክታ ነው ያለው። ጮክ በል አልኩት። «ነገረችኝ። ገና ከበሩ ስትገባ ነገረችኝ። ማሰሪያውን ያስቀመጥኩት ሰምቻት ነው። ከዚያ እጄ ዝም ብሎ ጓንት አወጣ። ልማድ ነው፣ እንዲያው የእጅ ልማድ ነው፤ ልገድላት ብዬ አይደለም።»

ይህን አውቀው ነበር። ሰንበሩ ነግሮኛል። ቀጥሎ የጠየቅሁት ግን ልጠይቀው ያላሰብኩትን ነው።

«ጓንቱን ስታስርላት ዝም አለች?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ይሄም ጎማ ነው አለችኝ።»

«አንተስ?»

«ይሄ ጓንት ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው አልኳት።»

ይህን ሁሉ ወር ሳስበው ጓንቱን ሳታየው ያሰራት ነበር የሚመስለኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ነግሬዋለሁ ብላ ተማምና። አይታዋለች ለካ። ሁለተኛም ተናግራለች። ሒሳብ አስተማሪ ናት፣ ተሳስተሃል ማለት ሥራዋ ነው። እሱ ግን አፏን አስያዛት፤ እሷም ምናልባት ከኔ እሱ ያውቃል ብላ ለአንድ አፍታ ዝም አለች። ሊገድለኝ የሚችል ንዴት ነው የያዘኝ። ጓንቱ ቆዳውን ሊነካ የቀረው የፀጉር ያህል ሆነ። እባክሽ አለኝ። ጎማ አይስማማኝም፣ እባክሽ፣ ነግሬሻለሁ አለኝ።

አዲስ ቅጽ ሰጠሁት። መጀመሪያ የራስህን ጻፍ፣ ከዚያ ጀርባው ላይ የእሷን ጻፍ፣ የተናገረችውን ሁለቱንም፣ አንተም ያልካትን አልኩት። ግራ ክንዱ ከጓንቱ ሥር እንዳለ በቀኝ እጁ ጻፈ። መስመሩ ጠማማ ነው፣ ግን ይነበባል። ፈርሞ ሲጨርስ ሬዲዮ በሩን ከፍታ ገባች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ከእጁ እስክሪብቶውን ወሰደችና «ሰምቻለሁ» ብላ ጽፋ ሥሩ ፈረመች። ሬዲዮ ዝም ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጓንቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። መስኮቱን ከፈትኩ፣ እጄን ታጥቤ አዲስ ሰማያዊ ጓንት አጠለቅሁ፣ ባለ ክዳኑን ዕቃ አመጣሁ። በጨርቅ አሰርኩለት። ደም ሥሩ ፈርቶ ጠፍቶ ነበር፤ በአንድ ጣት አገኘሁት፣ በአንድ መርፌ ሁለት ብልቃጥ ቀዳሁ፣ ጥጡን ይዞ እንዲጫን ነገርኩት። ትንፋሹ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት፣ እጄ አድሬናሊኑ ላይ ሆኖ። እንደዚያ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። መቀርቀሪያውን ስከፍትለት አመሰግናለሁ አለኝ፣ ከልማድ ይሆናል። ቀና ብሎ ሳያየኝ ወጣ።

ከምሳ በፊት ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ተመልሷል። ሹመቱ ቀረ። ሰውየው ከሥራ ታገደ፣ ጉዳዩም ወደ ሕግ ተላከ። ያው ኮሚቴ፣ ያው መነጽር ጠራጊ፣ ሪፖርቱን እንደገና ለመጻፍ ተሰበሰበ። እኔንም ጠርተው ሰው በጓንት አስፈራርተሻል አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ለሁለት ወር ታካሚ እንዳልነካ አገዱኝና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። የልቤ ደርሷል፣ የፈለጉትን ይስጡኝ። የታረመው ሪፖርት ላይ «አልተናገረችም» የሚለው «ሁለት ጊዜ ተናግራለች» ሆነ። ማኅተምም አለበት።

ይዤው ወደ እማዬ ሄድኩ። ፎቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ወንበሩን፣ መቀርቀሪያውን፣ ጓንቱን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እያየችኝ ሳይሆን እጄን እያየች ነበር የምትሰማኝ።

«ጓንቱ እጅሽ ላይ ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«ክንዱም ከሥሩ ነበር።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አላሰርሽለትም?»

እየቀለደች አልነበረም። እማዬ በሕይወቷ ዝንብ እንኳ የማትገድል ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን ፊቷ ላይ የነበረውን በመስታወት ከራሴ ፊት በቀር የትም አይቼው አላውቅም።

«ነገረኝ እኮ» አልኳት። «ጎማ አይስማማኝም ብሎ ነገረኝ።»

ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተች፣ ፎቶውን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች፤ ሚጢጢን ይቅር በይኝ እያለች ነበር።